ባለ አረንጓዴ መስመሯ የወገል ጤና እንቁራሪት አዲስ ዝርያ ናት ወይ? ለመምህሩ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ልጥፉን ላላያችሁት ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ መምህሩ በወሎ ደላንታ ወገል ጤና ከተማ አጠገብ ካለ ጨፌ ከተማሪዎቻቸው ጋር ትንንሽ እንቁራሪቶች አግኝተዋል። ከፊሎቹ ከአፍንጫቸው ጫፍ እስከ ጀርባቸው መጨረሻ የሚወርድ ደማቅ አረንጓዴ መስመር አላቸው፣ ከፊሎቹ የላቸውም። ወደ በሽሎ ወንዝ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ተለቅ ያሉ፣ እግራቸው የረዘመ ሌሎች አሉ። «ባለመስመሯ ለሳይንስ አዲስ ልትሆን ትችላለች? በምን ይታወቃል? ከሆነችስ እንዴት ተለይታ ወጣች?» ብለው ጠይቀዋል።

በመጀመሪያ መስመሩን እንተወው። በፎቶው ላይ የሚታዩት ሹል አፍንጫ፣ በጀርባ ቁመት የሚሄዱ የቆዳ ሸንተረሮችና ጠንካራ የኋላ እግር ፕቲካዴና የሚባለው ወገን መሆኗን ይጠቁማሉ። የሣር እንቁራሪት የሚሏት ናት። በዚህ ወገን ባለመስመርና መስመር አልባ፣ አረንጓዴና ቡናማ እንስሳት ከአንድ ኩሬ፣ ከአንድ ዝርያ ይወጣሉ። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ፕቲካዴና ሮቤንሲስ በተባለችው የደጋ እንቁራሪታችን ላይ የታተመ ጥናት መስመሩን አሲፕ ከሚባል ቀለም ከሚቆጣጠር ጂን ጋር አገናኝቶታል፤ ይኸው መስመር በተለያዩ ዝርያዎች ላይ ደጋግሞ እንደሚከሰትም አሳይቷል። ከአንዲት ላም ቦራም ዳለቻም ይወለዳል፤ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ «ባለመስመር» እና «መስመር አልባ» ብሎ ናሙና መከፋፈል ሥራውን ከመነሻው ያበላሸዋል።

አብሽሩ፣ ይህ ማለት ግን ጨፌው ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም ማለት አይደለም። በ2021 የወጣ የኢትዮጵያ ደጋ ፕቲካዴናዎች ክለሳ አራት አዳዲስ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ ሰይሟል፦ ቤካ፣ ዴልፊና፣ ዶሮ እና ሮቤንሲስ። እነዚህ እንስሳት ከዚያ በፊትም ይታዩ፣ ይያዙ ነበር፤ ግን በአንድ ስም ሥር ተደባልቀው ይመዘገቡ ነበር። ለዓይን ተመሳሳይ፣ በድምፅና በዘረመል ግን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ጨፌው ውስጥ መፈለግ ያለበት በቀለም የሚለያዩ ሁለት ዓይነቶች አይደሉም፤ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች መኖራቸው ነው።

ለዚህ ካለዎት መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው ድምፅ ነው። ሴቷ ወንዷን የምትመርጠው በጩኸቱ ስለሆነ ጩኸቱ ከተለየ መዳቀሉም ይቀንሳል። ዝናብ በጣለ ማታ፣ በልግም ሆነ ክረምት፣ ይውጡ። የፕቲካዴና ወንድ ሲጮህ በመንጋጋው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ፊኛዎች ይወጠራሉ፤ በባትሪ ሲያዩት የትኛው እንደሚጮህ በዚያ ይለያል። ስልኩን ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ያስጠጉ፣ ባትሪውን ዝቅ ያድርጉ፣ እስኪለምድዎት ዝም ብለው ይጠብቁ። ከአንድ ወንድ ቢያንስ አሥር ጩኸት በተከታታይ ይቅዱ።

ቀረጻ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው የስልኩ የድምፅ መልእክት ነው፤ ፋይሉን አጭቆ ጥቃቅኑን ምት ይደመስሰዋል። በዋቭ (ድምፁን ሳያጭቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚቀዳ መተግበሪያ ይጫኑ፣ ጫጫታ መቀነሻውን ያጥፉ፣ ቴሌግራም ላይ ሲልኩም እንደ ፋይል ይላኩ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሲሞቅ ምቱ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይንቀረፈፋል፤ የ10 ዲግሪ ማታን ከ18 ዲግሪ ማታ ጋር ያወዳደረ ሰው የሌለ ዝርያ ያገኛል። እንደቀዱ ወዲያው የአየሩንና የውሃውን ሙቀት ይለኩ። ሦስተኛው የሰውነት መጠን ነው፤ ትልቅ ወንድ ድምፁ ወፍራም ነው። ስለዚህ የተቀዳውን ወንድ ራሱን ይዘው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ፊንጢጣው በካሊፐር (በጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ይለኩት። ሙቀትና ልኬት የሌለው ቀረጻ እንደ ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ለማወዳደሪያ ግን አይሆንም። ትንተናውን በነፃ በሚገኙት የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራሞች፣ ሬቨን ላይት ወይም ኦዳሲቲ፣ መሥራት ይቻላል፦ የአንድ ጩኸት ርዝመት፣ በሰከንድ ስንት ምት እንዳለው፣ ጉልበቱ የበረታበት ፍሪኩዌንሲ።

ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው ጀርባዋን ብቻ ያነሳል። ዝርያ ለመለየት ይበልጥ የሚጠቅሙት የተደበቁት ቦታዎች ናቸው፦ ሆዷ፣ የጭኗ የኋላ ገጽ ነጠብጣብና መስመር፣ ከጎን የታየ ፊቷ ከጆሮ ታምቡሯ ጋር፣ የኋላ እግሯ መዳፍ ጣቶቿ ተዘርግተው። በጣቶቿ መካከል ያለው ስስ ቆዳ እስከ ስንተኛው አንጓ እንደሚደርስ መታየት አለበት። የቅልጥሟን ርዝመት ለጠቅላላ ርዝመቷ አካፍለው ይመዝግቡ፤ በደጋ ዝርያዎች መካከል እግር ማጠርና መርዘም ጠቃሚ መለያ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የሚሊሜትር ማስመሪያ ይኑር። ቦታውን በጂፒኤስ፣ ከፍታውን በሜትር፣ ቀኑንና ሰዓቱን አብረው ይጻፉ። «ወገል ጤና አካባቢ» የሚል መረጃ ከዓመታት በኋላ ማንንም ወደዚያ ጨፌ አይመልስም።

አያያዙንም አልለፈው። እጅዎ እርጥብ፣ ከሳሙናና ከቅባት የጸዳ ይሁን፤ የእንቁራሪት ቆዳ ይተነፍሳል፣ የነካውንም ይመጥጣል። እርጥብ ሣር ባለበት ከረጢት፣ ጥላ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ይቀመጡ፤ በያዟቸው ቦታ ይመልሷቸው። ካይትሪድ የሚባለው በዓለም ላይ ብዙ እንቁራሪት የጨረሰ የቆዳ ፈንገስ በአገራችንም ተገኝቷል። ከአንድ ጨፌ ወደ ሌላ ሲሻገሩ ጭቃውን ከጫማ አጥበው በበረኪና ውሃ ነክረው በፀሐይ ክው አድርገው ያድርቁት። የበሽሎዋንና የደጋዋን በአንድ ዕቃ መያዝ ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ከባዱ ክፍል። ዝርያ በይፋ የሚሰየመው ሙዚየም ውስጥ በተቀመጠ ናሙና ላይ ነው፤ ስሙን የሚሸከመው አንዱ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል። ይህን ግን እርስዎም ተማሪዎችዎም ብቻችሁን አትጀምሩት። የዱር እንስሳን መሰብሰብ በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የዘረመል ሀብትን መውሰድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው) ፈቃድ እንዲጠየቅበት ተደርጓል። የሚመለከታቸው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ናቸው። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ናሙና ቢያምርም ጥሩ መጽሔት አይቀበለውም፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ፤ የወሎ ሀብት በኪስ ተይዞ መውጣት የለበትም። ፎቶና ድምፅ እንስሳውን ሳይጎዱ ብዙ ያስኬዳሉ።

ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ሲሠሩ ግን ቅደም ተከተሉን ያውቁት ዘንድ፦ መጀመሪያ ሥጋ፣ ከዚያ ፎርማሊን (አካሉን ከመበስበስ የሚጠብቅ ፈሳሽ)። የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጉበት ወይም የጭን ሥጋ ተቆርጦ 95 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) ባለበት ትንሽ ቱቦ ይገባል፤ አልኮሉ የሥጋውን ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን፣ በማግሥቱም ይቀየር። የፋርማሲው 70 በመቶ ውሃው ስለሚበዛ ለዲኤንኤ አይታመንም። አካሉ ከዚያ በኋላ ነው ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው፤ አንድ እጅ የገበያው ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል። ሲጠነክር ታጥቦ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፎርማሊኑ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል። ምልክቱ በእርሳስ ተጽፎ ማሰሮው ውስጥ ይገባል፤ የተለመደው እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል፣ ክዳን ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ከክዳኑ ጋር ይቀየራል። ናሙናው አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዓይነት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ላቦራቶሪው በእንቁራሪት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 16ኤስ የተባለውን የሚቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው፣ የራሱ ዲኤንኤ ያለው ክፍል) የዲኤንኤ ቁራጭ ያነባል። ከቅርብ ዘመዷ 3 በመቶ ያህል ከራቀች ለመጠርጠር ይበቃል፤ ለመሰየም ግን አይበቃም። ምክንያቱም ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ጥንት ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ከነበረ የአንዷ ሚቶኮንድሪያ በሌላዋ አካል ውስጥ ይቀራል። ስቴኖሴፋሌሚስ የሚባሉት የደጋ አይጦቻችን እንዲህ ናቸው፤ በ2018 የታተመ ጥናት ከቆላ ቀመስ እስከ ውርጭ በከፍታ ተደርድረው የሚኖሩት እነዚህ ዝርያዎች በጥንት መዳቀል ሚቶኮንድሪያ እንደተላለፉ አሳይቷል። ስለዚህ ከኒውክለስ (ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው ዲኤንኤ ካለበት የሴል እምብርት) የሚነበቡ ጂኖችም ይጨመራሉ። በኔ ሚዛን ድምፅ፣ አካልና የኒውክለስ ዘረመል ሦስቱም ወደ አንድ ወገን ሲያመለክቱ ብቻ ነው «የተለየች ናት» የሚባለው።

የተለየች ከሆነች ደግሞ «አዲስ ስም ያስፈልጋታል ወይስ አሮጌ ስም አላት?» የሚለው ይቀጥላል። ብዙ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀድሞ የተሰጠ ስም የበላይነት አለው። ኤርላንገርና ኖይማን የተባሉ ጀርመናውያን ተጓዦች ከ1899 እስከ 1901 አገራችንን ዞረው ከሰበሰቧቸው እንስሳት መካከል እንቁራሪቶችም ነበሩ፤ አል የተባለው ጀርመናዊ በ1924 በሁለቱ ስም ኤርላንገሪ እና ኖይማኒ ብሎ ሰየማቸው። ለመቶ ዓመት ገደማ «ኖይማኒ» የሚለው ስም ብዙ የተለያዩ ዝርያዎችን ተሸክሞ ኖረ። እውነተኛዋ የትኛዋ እንደሆነች የተለየው ከአሮጌዎቹ የሙዚየም ናሙናዎች ዲኤንኤ ከወጣ በኋላ ነው። በደጃችን የሚጮኸው ተራው ቀበሮም እንዲሁ ነው። ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ተብሎ ሲቆጠር ኖሮ፣ በ2011 እና በ2015 የወጡ የዘረመል ጥናቶች ራሱን የቻለ የአፍሪካ ተኩላ መሆኑን አሳዩ፤ ዛሬ የሚጠራበት ሉፓስተር የሚለው ስም ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግብፅ ለተገኘ ናሙና የተሰጠ ነው። ግኝቱ አዲስ፣ ስሙ አሮጌ።

በአንድ ናሙና ብቻስ መሰየም ይቻላል ወይ ለሚል፣ ሕጉ አይከለክልም። በሌሊት የምታድነው የነጭ ሣር ፓርክ ወፍ፣ ሶላላ የተባለችው፣ በ1990 ከተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ በ1995 ተሰይማለች። በ1927 ከትንሹ ዓባይ ምንጭ አጠገብ የተያዘው የውሃ አይጥም እስከ ዛሬ በአንድ ናሙና ነው የሚታወቀው። እንቁራሪት ግን በብዛት የምትገኝ ስለሆነች በአንድ ናሙና መቸኮል ምክንያት የለውም።

እንዴት ተለያዩ ለሚለው፣ መልሱ ቆመው ከሚያዩት መሬት ላይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የደጋውን መሠረት ጣለ፤ ከዚያ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቁን ከምዕራቡ ከፈለ፣ ዓባይና በሽሎ ደግሞ ሜዳውን ቦረቦሩት። ለብርዳማ ጨፌ የተፈጠረች እንቁራሪት የበሽሎን ሙቀት አቋርጣ ከደላንታ ወደ መቅደላ መሻገር ይከብዳታል። በበረዶ ዘመናት፣ የመጨረሻው የበረታው ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ነበር፤ ብርዱ ወደ ታች ሲወርድ የውርጩ እንስሳት መኖሪያ ሰፍቶ ተራራ ከተራራ ተገናኘ፣ ሲሞቅ ደግሞ አቡነ ዮሴፍና አምባ ፈሪት እንደ ደሴት ተነጣጥለው ቀሩ። በተነጣጠለ ትንሽ መንጋ ውስጥ የዘር ለውጥ በአጋጣሚም ይሰፍናል፣ ብርዱና አጭሩ የዝናብ ወቅትም የሚስማማውን ይመርጣል። ጩኸቱም ቀስ በቀስ ይለወጣል። ተመልሰው ሲገናኙ ሴቷ የዚያኛውን ጩኸት ካልተቀበለች፣ ወይም ዲቃላው ደካማ ከሆነ፣ ሁለት ዝርያ ሆነዋል። ድምፁን ይቅዱ ብዬ የጎተጎትኩዎ ለዚህ ነው።

የበሽሎዋ ተለቅ ያለች ግን ምናልባት በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ በሰፊው የተሰራጨችው ፕቲካዴና አንኬቴ ልትሆን ትችላለች። ለአንድ አካባቢ አዲስ መሆን ለሳይንስ አዲስ መሆን አይደለም፤ ወሎ ባለው የሐይቅ ሐይቅ ያለው ቆሮሶም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው አምጥቶ የጨመረው ዓሣ ነው።

ለጊዜው ይህን ያድርጉ፦ ከባለመስመሮቹም ከመስመር አልባዎቹም አምስት አምስት የሚጮኹ ወንዶች፣ ከሙቀትና ከልኬት ጋር፣ ቀድተው ፋይሎቹን እዚሁ ያስቀምጡ። ጩኸቱ አንድ ከሆነ አንድ ዝርያ አለዎት ብለን ወደ ስሟ እንሄዳለን። ሁለት ዓይነት ጩኸት ከተሰማ፣ በተለይም መስመሩ በሁለቱም ወገን ተደባልቆ ከተገኘ፣ ቅጂዎቹን ይዘው ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል ይሂዱ፤ የፈቃዱን ማመልከቻ ከእነሱ ጋር መጻፍ ይቀላል፣ የቀጣዩ ክረምት ዝናብ ሳይገባ ለመድረስ አሁኑኑ መጀመር ያስፈልጋል።