መጀመሪያ የቅሬውን ዳኛ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ደሴ ፒያሳም ኮምቦልቻም ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ የዱር እንስሳ ጥበቃ ላይ መሥራት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?» ዕድሜዬን በእንስሳት ሕክምና ወረዳ ለወረዳ ስዞር ስለኖርኩ ነው እኔን መምረጣችሁ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩላችሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ማኅበር መመሥረት፣ ቲሸርት ማሳተም፣ ከዚያ ገጠር ወርዶ ግንዛቤ መስጠት ነው። ፍላጎታችሁን እወደዋለሁ። ግን ደጋ ላይ የሚኖር ገበሬ ግንዛቤ አልጎደለውም። ጭላዳ ገብሱ ውስጥ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ቀይ ቀበሮ የት እንደምትወልድ ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቃል። የሚጎድለው በገዛ ተራራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ነው። እሱን ካላገኘ የእናንተ ስብሰባ ከውሎ አበል አያልፍም።

ሰሜን ሸዋ ያለው መንዝ ሩቅ አይደለም፤ ሄዳችሁ የጓሳን ሜዳ እዩ። የመንዝ ሰው ያንን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ጓሳ የሚባለው ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል። ሣሩ እስኪደርስ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል። ደረሰ ሲባል በበጋ ይከፈታል። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ራሱ ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው፤ የተዘጋውን የደፈረም ይቀጣል። ልብ በሉ፣ ማንም «ቀይ ቀበሮን እናድን» ብሎ አልተነሳም። የፈለጉት ሣሩን ነው። ሣሩ ሲተርፍ ቀበሮዋ የምትበላው አይጥ ተረፈ፣ አይጡ ሲተርፍ ቀበሮዋም ተረፈች።

የ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ተናጋ። መብቱ በዘር ሐረግ ነበርና አዲሱ ሕግ አልተቀበለውም። እኔም ብሆን የድሮው ሁሉ ልክ ነበር አልልም፤ መሬቱን መጀመሪያ ያቀኑት ሰዎች ዘር ያልሆነ ሰው ከዳር ቆሞ የሚያይበት ሥርዓት ነበር። ግን አሮጌው ጠባቂ ሲነሳ በቦታው ቶሎ የተተካ የለም፤ ሜዳው ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው እንደገና ተሰብስቦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፈ። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ናሚቢያም የሆነው ከዚህ አይርቅም። በሰሜን ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አደን አይሎ ዝሆንና አውራሪስ ሊያልቅ ሲል፣ ጠባቂ የሚሆኑትን ሰዎች የመረጡት የየመንደሩ አለቆች ናቸው። ጠባቂው የሚያፍረው አለቃውን ነው፣ የሚያውቀው ሰፈሩን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ነዋሪው ተደራጅቶ ከዱር እንስሳው የሚገኘውን ገቢ ራሱ እንዲያስተዳድር ፈቀደለት። አሁን እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከ80 በላይ ናቸው።

ወደ እኛ ልመለስ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ማን ነው ካላችሁኝ፣ ቅሬው ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ ነው። አንድ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የጎፍን ደን ሌሊት ዞሮ አይጨርሰውም። ቅሬው ግን «ከዚህ በላይ የቆረጠ ከእኛ የለም» ካለ የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ለቅሶው ላይ ሰው የማይመጣለት መሆንን ማን ይፈልጋል? ስለዚህ አንድ ቀበሌ ስትሄዱ ሊቀመንበሩን ሰላም በሉና ቀጥላችሁ የቅሬውን ዳኛ፣ ማለትም መሪውን፣ ጠይቁ። እናቶቹንም ጠይቁ። እንጨቱን የሚለቅሙት፣ ውሃውን የሚቀዱት እነሱ ሆነው ሳለ ስብሰባው ላይ አለመኖራቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሚጠቅም ሙያ ይዛችሁ ሂዱ። የኡጋንዳዋን የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካለማ ዚኩሶካን አንብቡ። በ1996 እ.ኤ.አ. ብዊንዲ ደን ውስጥ ጎሪላዎች እከክ ያዛቸው። በሽታው የመጣው ከሰው ነበር። እሷም ጎሪላውን ለማዳን የጎረቤቱ ሰው ጤና መጠበቅ አለበት አለች፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሐሳብ ድርጅት መሠረተች።

የእኛ ቀይ ቀበሮም ነገር እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ላይ ይገኛል። የሚያሰጋው ጠመንጃ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከዋና ጠላቶቹ አንዱ ከመንደር ውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ያ በሽታ ገብቶ የአካባቢውን ቀበሮ አብዛኛውን ፈጀው። በሽታው በመንደሩ እንዳይዛመት ከውሻው 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለበት።

ውሻውን ግን ማን ያመጣል? ባለቤቱ። ባለቤቱ ደግሞ አስቀድሞ «የበጎቼስ ነገር?» ይላችኋል። ጥያቄው ልክ ነው። መጀመሪያ በጉን ከትቡለት፣ የትላትል መድኃኒቱን አጠጡለት። ከዚያ ውሾቹ ይመጣሉ። ጎትቶ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ እረኛው ልጅ ነው፤ ውሻው የሚሰማው እሱን ነውና። በጉልበቱ መሀል አጥብቆ ይይዘውና ጆሮውን እያሸ በስሙ ይጠራዋል። መርፌው ሲገባ ዓይኑን የሚጨፍነው ልጁ ነው። ያን ልጅ በስሙ እወቁት፣ መዝገቡንም እሱ ይያዝላችሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጥብቅ ቦታውን የሚመራው እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አትሸፋፍኑ። ነብር ፍየል ይበላል፣ ጭላዳ ሰብል ያጠፋል። ፍየሏ የተበላችባትን እናት «ቱሪስት ይመጣል» ብላችሁ አታጽናኑ። ቱሪስቱ ላይመጣ ይችላል፤ ቢመጣም ገንዘቡ እሷ ጋ ላይደርስ ይችላል። ጉዳቱን ጻፉ፣ በረቱን አብራችሁ አጥብቁ፣ ገቢ ካለ ማን ምን እንደወሰደ በስብሰባ ፊት ይነበብ። ብዙ ጥሩ ሥራ የፈረሰው በደረሰኝ ጉዳይ ነው።

ለክትባት ከመውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ የእብድ ውሻ ክትባት ውሰዱ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን እዚያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ሳትውሉ ሳታድሩም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሕክምና የለውም። ሳሙናውን ከመድኃኒት ሣጥኑ ጋር አብራችሁ ያዙ።