የጥቅምት ዝናብ ስለ በጋው ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ከተማ ውስጥ ሲሆን ወላጆቼ ከከተማዋ ወጣ ባለ ቀበሌ ጤፍና ሽንብራ ያመርታሉ። በእኛ አካባቢ መስቀል ካለፈ በኋላ ዝናቡ ያባራ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጥቅምት ገብቶም ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እየጠቆረ ይዘንባል፤ ከደረሰው ጤፍም ከፊሉ ጋሽቧል። አባቴ «ክረምቱ እንዲህ ሲረዝም የበጋው ብርድ ይጠናል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው? አጨዳውንስ እናፋጥነው ወይስ ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ?

መልስ፦ ክረምቱ የሚወጣው በአንድ ቀን አይደለም። በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ የምድር ወገብን ተሻግራ ወደ ደቡብ ስትሄድ ዝናብ የሚያመጣው የደመና ቀበቶም ይከተላታል፤ በምትኩ ከአረብ ምድርና ከሳይቤሪያ ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚነሳው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ቦታውን ይይዛል። ይህ ርክክብ ግን ወደፊትና ወደኋላ ይላል፤ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣ የቀዝቃዛ አየር ሞገድ ከደቡብ እርጥበት ሲስብ ያባራ የመሰለው ዝናብ ለጥቂት ቀናት ይመለሳል። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ የጣለ ዝናብ ለብቻው ስለ ታኅሣሥና ጥር የሚናገረው ብዙ ነገር የለም።

የበጋውን ጠባይ ይበልጥ የሚወስነው የውቅያኖሶች ሙቀት ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ኤል ኒኞ፣ ማለትም በምድር ወገብ አካባቢ የባሕሩ ውኃ ከተለመደው በላይ መሞቅ፣ ሲኖር፣ ከዚያም ጋር በሶማሊያ በኩል ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ውኃ በኢንዶኔዥያ በኩል ካለው ከተለመደው በላይ ሲሞቅ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብዙ እርጥበት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገባል። በ1990 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር፤ በጥቅምትና በኅዳር የጣለው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የደረሰ ሰብል አበላሽቷል። በ2012 ዓ.ም. ኤል ኒኞ ጎልቶ ሳይታይ የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ብቻውን ከባድ ዝናብ አስከትሏል፤ ያ እርጥበት ለበረሃ አንበጣ መንጋ መራባትም አመቺ ሆኖ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱ ተገጣጥመው በሶማሌ ክልል ብርቱ ጎርፍ ደረሰ። ላ ኒና፣ ማለትም የዚያው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከተለመደው በላይ መቀዝቀዝ፣ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ቦረናንና ሶማሌን የመታውን ድርቅ ማስታወስ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ይህ ወቅት ለቦረናና ለሶማሌ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ሲሆን አዳማ ግን ከዚያ ዞን ውጭ ስለሆነች ተጽዕኖው ወደ እናንተ የሚደርሰው ለዝቦ ነው።

አባትዎ የሚሉትን በተመለከተ፣ ያስተዋሉት ነገር እንዳለ አልጠራጠርም፤ ዝናብ አባርቶ ሰማይ በጠራ ማግሥት ያለው ሌሊት በእርግጥ ብርዱ ይጠናልና። ነገር ግን ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። እርጥበት የሚበዛበት በጋ ሌሊቱ ለዘብ ይላል፤ ብርድ የሚበረታው ዝናቡ በጊዜ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ ነው።

አጨዳው ግን የበጋውን ትንበያ አይጠብቅም። በእኔ እምነት ጤፉ ቢጫ ሆኖ ከደረሰ አንድም ቀን ማዘግየት አይገባም፤ በተለይ የጋሸበውን አስቀድሙ፤ እርጥብ መሬት የነካ ዛላ እዚያው ይበቅላል፣ የተረፈውም ፍሬ ይጠቁርና ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል። ጤዛው ረፋድ ላይ ከተነሳ በኋላ ማጨድ፣ ነዶውን ነፋስ እንዲያገኘው ዘርግቶ ማድረቅ፣ ሲከመርም ከሥሩ ድንጋይና እንጨት ረብርቦ ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ ማድረግ ያስፈልጋል። እርጥብ ነዶ ከተከመረ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ ይህ ጉዳት ከላይ አይታይም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ ለዚህ ሥራ ከወቅቱ ትንበያ የበለጠ ይጠቅማችኋል፤ በሬዲዮ ሲነገር ለወላጆችዎ ቢደውሉላቸው መልካም ነው። ለሽንብራው ደግሞ ይህ ዝናብ በረከት ነው፤ በመሬቱ ውስጥ በቀረ እርጥበት የሚያድግ ሰብል በመሆኑ። ውኃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳልና የማፋሰሻ ቦዩን ክፍት አድርጉለት።

ጥያቄ፦ እኔም የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ የጓሮ ቲማቲምና ቃሪያ አለኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይመታብኛል ብዬ መስጋት አለብኝ?

መልስ፦ እምብዛም አያስፈልግዎትም። ውርጭ የሚያጠቃው በአብዛኛው ደጋውን ነው፤ በአርሲ በኩል ወደ በቆጂ ሲወጡ የሚያገኙት ዓይነት ማለቴ ነው። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ውኃ እስከማርጋት መድረሱ ብርቅ ነው። ለእርስዎ አትክልት የሚያሰጋው ነፋሱ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደረቁ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው አየር በሸለቆው ውስጥ እየተጠናከረ ያልፋል፤ አበባ ያረግፋል፣ አፈሩንም በፍጥነት ያደርቃል። በነፋሱ መምጫ በኩል የበቆሎ ወይም የማሽላ ረድፍ ይትከሉ፤ ቲማቲሙን በእንጨት ይደግፉ፤ ሥሩን በገለባ ይሸፍኑ። ውኃ በማለዳ ያጠጡ እንጂ በቀትር አይሁን።

ዝናቡ በዚህ ከቀጠለ በጓሮው የሚጠራቀመውን ውኃም ያፋስሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በአካባቢያችን ዋናው የወባ ወቅት ነው፤ ዝናቡ በረዘመ ቁጥር ትንኟ የምትራባበት ጊዜም ይረዝማልና አጎበሩን ገና አያንሱ።