ኦርቶዶክስ ወዳጃችን ልጃችንን ክርስትና ሊያነሣልን ይችላል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምንኖር፣ በግዕዝ ሥርዓት ተጠምቀን ያደግን ካቶሊክ ባልና ሚስት ነን። ወንድ ልጅ ወልደን አርባ ቀኑ ሊሞላ 3 ሳምንት ቀርቶታል። ክርስትና አባት እንዲሆነው ያሰብነው የባለቤቴን የልብ ወዳጅ ነው፤ ሆኖም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ቆሞሳችን፣ ማለትም የቁምስናችን ካህን፣ «ብቻውን አይሆንም» አሉን። አማቴ ደግሞ «ጭራሽ አይሆንም» ይላሉ። ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ በበኩሏ «ክርስትና እናቱ እኔ ልሁን፣ በቪዲዮ እገኛለሁ» ትላለች። የማንን እንስማ? እስከዚያስ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ቆሞሳችሁ የነገሯችሁ ልክ ነው፤ ቁም ነገሩም «ብቻውን» ባሉት ቃል ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ታውጆ በ1991 ሥራ ላይ የዋለው፣ እኛን የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮችን የሚመለከተው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና በቁጥር 685 ክርስትና አባት የሚሆነው ሰው ካቶሊክ እንዲሆን ያዛል። እዚያው ላይ ግን በቂ ምክንያት ሲኖር ካቶሊክ ያልሆነ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ምእመንም ክርስትና ሊያነሣ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ሁልጊዜ ከካቶሊክ ክርስትና አባት ወይም እናት ጋር አብሮ ከቆመ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዚህ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወዳጃችሁ እንደ ታዛቢ ብቻ ሳይሆን እንደ እውነተኛ ክርስትና አባት ሊቆም ይችላል፤ አጠገቡ ግን አንድ ካቶሊክ ያስፈልጋል። በሐዋሳ፣ በሶዶ ወይም በመቂ በላቲን ሥርዓት የምትኖሩ አንባቢዎችም መልሱ አይለወጥባችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የክርስቲያኖች አንድነት መመሪያ ተመሳሳይ ፈቃድ ይሰጣል። ወዳጁ ፕሮቴስታንት ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለይ ነበር፤ ከካቶሊክ ክርስትና አባት ጎን ቆሞ የጥምቀቱ ምስክር ይባላል እንጂ ክርስትና አባት አይባልም። ልዩነቱ የሰውየውን እምነት ለማሳነስ አይደለም። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ክህነቱን፣ ቁርባኑንና ሌሎቹን ምሥጢራት ስለምንጋራ ነው።

ቃል ከማስገባታችሁ በፊት ግን ወዳጃችሁ ንስሐ አባቱን ያማክር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን መፍቀዷ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳለች ማለት አይደለም። ንስሐ አባቱ ከከለከሉት አታግባቡት፣ በድብቅም እንዲቆም አታድርጉ። በቅዳሴውም በድግሱም አብሯችሁ ይሁን፤ ወዳጅነታችሁ በዚህ አይጎድልም።

አማትሽን በተመለከተ፣ ሥጋታቸውን አትናቁት። ልጁ ሲያድግ የማንን ቤተ ክርስቲያን ልማድ ይይዛል ብለው ነው የሚጨነቁት። ሕጉ ካቶሊክ አብሮ ይቁም ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሑድ ቅዳሴ የሚያደርሰው፣ ለኑዛዜና ለመጀመሪያ ቁርባን ሲዘጋጅ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስጠናው፣ እናንተ ብትታመሙ ወይም ብትርቁ በእምነቱ የሚተካችሁ ማን እንደሆነ ስም ጠርታችሁ ብትነግሯቸው ይረጋጋሉ። ኦርቶዶክስ የሆነ ዘመድ ለናንተ የሚያደርገው ጥሪም እንደዚሁ ነው፤ ካቶሊክ ምእመን በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና እንዲያነሣ ከተጋበዘ መመሪያው አይከለክለውም፤ የልጁ አስተዳደግ ቀዳሚ ኃላፊነት ግን በዚያ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በሆነው ክርስትና አባት ላይ ይሆናል።

ወደ እህትሽ ልምጣ። በቪዲዮ መታየት ክርስትና ማንሣት አይደለም፤ ሕፃኑን የሚይዝና ስለ እሱ የሚመልስ ሰው በአካል መኖር አለበት። በወኪል ግን ይቻላል። እሷ ፈቃዷን በጽሑፍ ትልካለች፣ ከምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ ታያይዛለች፣ ቆሞሱ ሲስማሙ እዚህ ያለ አንድ ሰው በስሟ ይቆማል። በመዝገቡ ላይ ክርስትና እናት ሆና የምትጻፈው እሷ ናት፤ ወኪሉ በወኪልነቱ ይጠቀሳል እንጂ የመንፈስ ዝምድናው እሱን አይይዘውም።

እንግዲህ በሕጉ እህትሽ ካቶሊኳ ክርስትና እናት፣ ወዳጃችሁ ክርስትና አባት ሆነው ጉዳዩ ሊያልቅ ይችላል። እኔ ግን ይህን አልመክራችሁም። አንዱ በሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ ሌላዋ በሁለት ዓመት አንዴ ለዕረፍት የምትመጣ ከሆነች ልጁ በገዛ ቁምስናው ውስጥ እጁን የሚይዝ ሰው አይኖረውም። በአካባቢያችሁ ካሉ ምእመናን አንድ ወንድ ፈልጉ። ሕጉ ጾታ አይለይም፤ በልማዳችን ግን ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ስለሚያነሣ ካቶሊኩ ወንድ ቢሆን በዕለቱ ማን ሕፃኑን ይያዝ የሚለው ክርክር ይቀራል። እህትሽ አክስትነቷ ይበቃታል፤ ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ ቀጣዩን ታነሣለች።

ካቶሊኩ ሊያሟላው የሚገባው ይህ ነው፦ ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶ፣ ቆርቦ የሚያውቅ፤ ኃላፊነቱን ተረድቶ የሚቀበል፤ የልጁ አባት ወይም እናት ያልሆነ። አያት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም ይችላሉ። ዕድሜን በተመለከተ የላቲን ሕግ 16 ዓመት ይላል፤ የምሥራቁ ሕግ ለየቤተ ክርስቲያኑ ልዩ ሕግ ስለተወው ወጣት ካሰባችሁ ቆሞሱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ግን በአኗኗር ላይ ነው። በማዘጋጃ ቤት ብቻ ተጋብቶ የሚኖር ካቶሊክ፣ ወይም ለዓመታት ኑዛዜ ያልገባ ሰው በደግነቱ ይመረጥና በመጨረሻው ሳምንት የቁምስና ደብዳቤ ሲጠየቅ አያገኝም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኀፍረትና ቅያሜ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ስትጠይቁት «ከቁምስናህ ደብዳቤ ማምጣት ትችላለህ?» የሚለውን አብራችሁ ጠይቁ። ይህ ክልከላ የሚመለከተው ክርስትና አባቱን ነው። ወላጆቹ በቤተ ክርስቲያን ያልተጋቡ ቢሆኑም ሕፃኑ በካቶሊክ እምነት እንደሚያድግ በቂ ተስፋ እስካለና ቢያንስ አንደኛው ወላጅ እስከፈቀደ ድረስ ጥምቀት አይከለከልም።

በግዕዝ ሥርዓት ላለን ሰዎች ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ አበ ልጅነት የጋብቻ እንቅፋት ነው። በምሥራቁ ቀኖና ቁጥር 811 መሠረት ክርስትና አባት ወይም እናት ከተጠመቀው ልጅም ሆነ ከልጁ ወላጆች ጋር ሊጋቡ አይችሉም፤ ያለ ፈቃድ ቢጋቡ ጋብቻው አይጸናም። የላቲን ሕግ ከ1983 ወዲህ ይህ እንቅፋት የለውም፤ በጎረቤት የላቲን ቁምስና «ችግር የለም» ሲባል ብትሰሙ አትደናገሩ። እናንተ ባለትዳሮች ስለሆናችሁ ዛሬ አይነካችሁም። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ግን ወደፊት ልታገባው የምታስበውን ሰው የልጇ ክርስትና አባት ካደረገችው ራሷን አጠረች ማለት ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰውም የልጁን ክርስትና እናት ላግባ ሲል የሚገጥመው ይኸው ነው። ጳጳሱ እንቅፋቱን ሊያነሡ ይችላሉ፤ ማመልከቻው ግን ከሠርጉ በፊት መቅረብ አለበት።

አሁን የቀሯችሁን 3 ሳምንታት እንጠቀምባቸው። በዚህ ሳምንት ቆሞሱ ዘንድ ሂዱና ቀኑን ቁረጡ። አርባው ቀን የሚቆጠረው የተወለደበትን ቀን ጨምሮ ነው፤ መስከረም 1 የተወለደ 40ኛ ቀኑ ጥቅምት 10 ይውላል። አንዳንድ ቁምስናዎች ጥምቀት የሚያደርጉበት የተወሰነ ቀን ስላላቸው ጥቂት ቀናት ወዲህ ወዲያ ቢል ሕግ አይፈርስም፤ አርባና ሰማንያ የከበረ ልማዳችን ነው እንጂ ጥምቀቱ የሚጸናበት መመዘኛ አይደለም። የሆስፒታሉን የልደት ማስረጃ፣ የጋብቻችሁን ምስክር ወረቀት፣ የካቶሊኩን ክርስትና አባት የቁምስና ደብዳቤ ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት ከሁለቱም ክርስትና አባቶች ጋር ለትምህርቱ ሂዱ። በዕለቱ ክርስትና አባት ሕፃኑን ይዞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ማመኑን ይመሰክራል። ይህን ካቶሊኩ እንዲያደርገው፣ ወዳጃችሁም አጠገቡ እንዲቆም ቀድማችሁ ከካህኑ ጋር ተስማሙ። መቅደስ ደርሶ «አንተ ያዝ፣ አንተ ያዝ» መባባል ሁለቱንም ያሳፍራል። በሥርዓታችን ሜሮኑ ከጥምቀቱ ጋር ስለሚሰጥ ልጁ ሲያድግ ሁለተኛ ሜሮን አይቀባም።

በውጭ አገር ልጅ ለምታስጠምቁ አንድ ነገር ልጨምር። ዱባይ ያለችው ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓት ናት። የግዕዝ ሥርዓት ወላጆች ልጅ እዚያ ቢጠመቅም የግዕዝ ሥርዓት አባልነቱ አይቀየርም፤ ይህ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሜሮን አብሮ መሰጠት አለመሰጠቱም ይጻፍ፤ አለዚያ ከዓመታት በኋላ ተቀብቷል አልተቀባም የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

የመዝገቡን ጉዳይ እባካችሁ በቀላሉ አትዩት። የጥምቀት መዝገብ ለዕድሜ ልክ ነው፤ ልጁ ሲያገባ ጋብቻው እዚያው ጎን ይመዘገባል፣ ለማግባትም በቅርብ ጊዜ የወጣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ስሕተት የሚበዛው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ስም ነው፤ የክርስትና ስሙ ብቻ ተጽፎ የመጠሪያ ስሙ ከቀረ ወረቀቱ የእሱ መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ይጻፉ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «2017» ተብሎ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተለየ ልጁ በሰነድ ላይ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል፤ ሁለቱንም አጻፉ። ሦስተኛው የክርስትና አባቶቹ አጻጻፍ ነው፤ ማን ካቶሊክ፣ ማን ኦርቶዶክስ እንደሆነ ከስማቸው ጎን ይጠቀስ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሳትወጡ መዝገቡን አንብቡት። የቆመው ሰው ስም ከተጻፈ በኋላ ብትጣሉም በሌላ አይተካም፤ በዕለቱ የሆነውን የሚመሰክር መዝገብ ነውና።

እግዚአብሔር አያድርገውና ሕፃኑ ቢታመምና ለሕይወቱ ቢያሰጋ አርባውን አትጠብቁ። ካህን ካልተገኘ ማንኛውም ክርስቲያን፣ ሌላ ከጠፋም አባት ወይም እናት፣ ንጹሕ ውኃ በሕፃኑ ራስ ላይ እያፈሰሰ «እገሌ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ይበል። የሚያፈሰውና ቃሉን የሚለው አንድ ሰው ይሁን፤ ውኃውም ቆዳውን ነክቶ ይፍሰስ፤ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ አይበቃም። ልጁ ከዳነ ለቆሞሱ ንገሩ። ያጠመቀው ሰው ወይም ያየ አንድ ምስክር ይበቃል፤ ካህኑ ሜሮኑንና የቀረውን ሥርዓት ይፈጽማሉ እንጂ ጥምቀቱ አይደገምም። አንዳንድ ወላጆች ጥፋት የሠሩ መስሏቸው ይህን ደብቀው ልጁን ሁለተኛ ያስጠምቃሉ፤ ጥፋቱ ያ ነው።

በመጨረሻ ድግሱን። ለጥምቀቱ ከተለመደው መባ በላይ የሚጠየቅ የለም፤ የሌለውም ሰው በዚህ ምክንያት ምሥጢሩን አይከለከልም። በሬ እስኪገዛ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ እየተባለ ሕፃናት ዓመት ሞልቷቸው ሳይጠመቁ ሲቀሩ ያሳዝናል። ክርስትና አባትም የሚመረጠው የወርቅ መስቀል ለመግዛት ባለው አቅም አይደለም። ነጭ ልብስ፣ ማዕተብ፣ በቤታችሁ ያለው እንጀራና ቡና ይበቃል። ንስሐ አባቱ መልስ እስኪሰጡ ለወዳጃችሁ ጥቂት ቀናት ስለሚያስፈልጉት የመጀመሪያውን ስልክ ዛሬ ለእሱ ደውሉ።