ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ከጉልት ቸርቻሪዎች፣ ከቀን ሠራተኞች፣ ከአካል ጉዳተኞችና ጧሪ ከሌላቸው አረጋውያን የመጡ ናቸው። አብዛኞቹን የመለሳቸው የሕጉ አንቀጽ አይደለም፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው በቃል «አይሆንም» ብሎ ነው የሸኛቸው። ስለዚህ አስቀድሜ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች አንድ አዋጅ ላስታውስ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተጨማሪ የድሬዳዋ አስተዳደር ተቋማትንም ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት ባለጉዳይ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም መገለጽ አለበት። ሐረሪ ራሱን የቻለ ክልል ስለሆነ አዋጁ የክልሉን ቢሮዎች በቀጥታ አይገዛም። ቢሆንም የሐረር አንባቢዎቼ ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትታችሁ ከመያዝ የሚያግዳችሁ የለም።

«ሐረር ሸዋ በር አካባቢ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸርኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። አሁን ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ ተነሡ ተባልን። ካሳ ስጠይቅ ይዞታ የለሽም አሉኝ። እኔን የሚያውቀኝ ሕግ የለም ማለት ነው?»

እናቴ፣ የተነገረዎት ግማሽ እውነት ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዋናነት የሚያየው ሕጋዊ ባለይዞታውን ነው። ማዳበሪያ አንጥፎ የሚነግድ ሰው በዚያ አዋጅ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም። ነገር ግን ከአዋጁ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሮአቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በመንግሥት በቂ እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዘዋወርንም ይጨምራል። እዚህ ላይ የይዞታ ማረጋገጫ አልተጠየቀም። የተጠየቀው ኑሮ መነካቱ ነው፤ የእርስዎ ኑሮ ደግሞ ተነክቷል።

ይህን የምለው የጉልት ንግድ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ጉልት ማለት የተቀመጡበት ክንድ ከስንዝር መሬት ብቻ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ገንዘብ ሳይቀበል ሽንኩርት የሚያወርድልዎ አከፋፋይ አለ። ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የሚወስዱ ደንበኞች አሉ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ዕቃዎን የምትጠብቅ፣ ልጅ ሲታመም ስለ እርስዎ የምትሸጥ ጎረቤት አለች። ሰው የማያልፍበት ጓሮ ውስጥ ሼድ ተሠርቶ «ምትክ ተሰጥቷችኋል» ቢባል ይህ ሁሉ አብሮ አይዛወርም። ቲማቲሙ እዚያው ይበሰብሳል። በሦስተኛው ሳምንት ሴቲቱ ደንብ አስከባሪ እየሸሸች ወደ ድሮው መንገድ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ስሟ «ሕገ ወጥ ነጋዴ» ይሆናል።

ስለዚህ ብቻዎን አይሂዱ። አብረዋችሁ የሚነግዱት ሁሉ ስማቸውንና ፊርማቸውን ያኑሩበት፤ መፈረም የማትችል አሻራዋን ታኑር። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምትክ ቦታው ሰው የሚተላለፍበት እንዲሆን፣ ከመነሣታችሁ በፊት እንዲሰጥ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን። የቦታ ክፍያ የከፈላችሁበት ቁራጭ ደረሰኝ ካለ አያይዙት፤ ከሌለ የዕድራችሁ ዳኛና የአካባቢው ሱቆች ባለቤቶች ይመስክሩ።

ለሚመለከታቸው ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ድንጋዩና ግንቡ ብቻ አይደለም ሐረርን ሐረር ያሰኘው። የከተማዋ በሮች ከገጠር የሚመጣው ከከተማው ጋር የሚገበያይባቸው ቦታዎች ሆነው ኖረዋል። በሮቹን አስውቦ ሻጮቹን ማባረር ቅርሱን ማጉደል ነው ብዬ አምናለሁ።

«ከሰባ ዓመት አልፌያለሁ። ጉልበቴን የጨረስኩት በድሬዳዋ ለገሃር ጭነት ስሸከም ነው። ጡረታ የለህም ተባልኩ። ለሴፍቲኔት ሲመዘገብም ኮሚቴው ዘለለኝ። ወዴት ልሂድ?»

አባባ፣ የጡረታው ነገር ያሳዝነኛል፤ ሆኖም እውነቱን ልንገርዎት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚቆመው ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። በጆንያ ቁጥር የሚከፈለው ወዛደር ወርኃዊ ደመወዝ የለውም፤ አሠሪዬ የሚለውም የለም። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ በየፉርጎው የገባውንና የወጣውን ዕቃ የተሸከመ ትከሻ ግን በጡረታ ሕግ ሳይታወቅ ቀርቷል። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ሴፍቲኔቱ ግን ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የታሰበው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ከመካከላቸው ነበሩ። መሥራት የሚችለው በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሳሰሉት የአካባቢ ሥራዎች እየተሰማራ ይከፈለዋል፤ ከክፍያው 20 በመቶውን እንዲቆጥብም ይደረጋል። በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት የማይችለው ደግሞ ሥራ ሳይጠየቅ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የእርስዎ ቦታ ሁለተኛው ነው።

ለምን ተዘለሉ? ምርጫው በሰፈር ኮሚቴ ነው የሚካሄደው፤ ኮሚቴ ደግሞ የሚያስታውሰው ስብሰባ ላይ የሚያየውን ሰው ነው። ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ወገቡ ታስሮ የተኛን ሽማግሌ ማን ያስታውሰዋል? ምልመላ ቤት ለቤት ካልሆነ ከድሃ መካከል የባሰው ድሃ ነው የሚቀረው። ይህን ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ እስኪስተካከል እጽፋለሁ።

አሁን የሚያደርጉት ይህን ነው። ለፕሮግራሙ የተቋቋመ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ወረዳዎ ሄደው እሱን ይጠይቁ። መሄድ ካልቻሉ የዕድር ዳኛዎ ይሂዱልዎ። ማመልከቻው ላይ የጎረቤትዎን ስም አያንሡ፤ «እሱ አግኝቶ እኔ ቀረሁ» የሚል አቤቱታ ጠብ እንጂ መልስ አያመጣም። ማን እንደሚያበላዎ፣ የቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍል፣ ምን እንደሚያምዎ በአጭሩ ያስጽፉ። «ኮታው ሞልቷል» ካሉ ያንኑ ጽፈው ይስጡዎት፤ ተራ ጠባቂ ሆነው መመዝገብዎም ይጻፍ። አረጋውያንን አቅም በፈቀደ መጠን መደገፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የሠፈረ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ልመና አይደለም።

«ልብስ አጣቢ ነኝ። ለፋይዳ ልመዘገብ ሄጄ ማሽኑ አሻራሽን አላነብም አለ። የቀበሌ መታወቂያም የለኝም። ባንክ ደብተር ለማውጣት ፋይዳ አምጪ ይሉኛል።» — ከድሬዳዋ

በረኪናና የዱቄት ሳሙና የጣትን መስመር ይበላል። በድንጋይ የሚሠራ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካም እንዲሁ ነው። ድህነት መጀመሪያ ጣትን ይበላል፤ ከዚያ ጣቱ ስለተበላ ሰውየው የለም ይባላል። ይህ መሆን የለበትም።

በሥርዓቱም ቢሆን አንድ ጣት አልታየም ተብሎ በር አይዘጋም። ምዝገባው የሚወስደው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ነው። ጣቱ ለማይነበብ ሰው ይህንኑ መዝግቦ በሌላው ማለፍ ይቻላል። ስለዚህ መዝጋቢው «ሂጂና ሌላ ቀን ነይ» ቢል የጣቢያውን ኃላፊ ይጥሩ። ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት ለጥቂት ቀን እጅዎን ቅባት ይቀቡ፤ ይህም ይረዳል። ሰነድ የሌለው ሰውም በሰው ምስክር መመዝገብ እንዲችል የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መንገድ አበጅቷል። ለመመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም፤ የጠየቀዎት ካለ ያጭበረብራል።

«ዕድሜዬ 17 ነው። ሐረር በሰው ቤት እሠራለሁ። አራት ወር ደመወዝ አልተሰጠኝም። ስጠይቅ ላንቺ አስቀምጬልሻለሁ ትለኛለች። ሠራተኛና ማኅበራዊ ሄጄ የቤት ሠራተኛን አንመለከትም አሉኝ።»

እህቴ፣ የመለሱሽ ሰዎች አልዋሹም፤ ግን ጨርሰው አልነገሩሽም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም በሰው ቤት የሚሠራን፣ ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ነው የተወው። የዚህን ክፍተት ስፋት በአንቺው ዕድሜ ልለካልሽ። አንቺን የመሰለች የ17 ዓመት ልጅ ፋብሪካ ብትቀጠር በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት በአዋጁ ክልክል ነው። አንቺ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተሽ፣ እንግዳው ሲሸኝ ሳህን አጥበሽ ነው የምትተኚው፤ አዋጁም ሰዓትሽን አይቆጥርልሽም። ይህ ሕግ በአብዛኛው ሴት ልጆችን፣ በአብዛኛው ከገጠር የመጡትን ነው ሜዳ ላይ የጣለው። ሕግ አውጪዎቻችን በዚህ ሊያፍሩ ይገባል።

ሆኖም ደመወዝሽ የትም አይቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥራ ላይ ነው፤ በአሠሪ ቤት እየኖረ ስለሚሠራ ሰው ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት፤ አሠሪዋም የሠራሽበትን የመክፈል ግዴታ አለባት። ስለዚህ ጉዳይሽ በፍርድ ቤት እንደ ፍትሐ ብሔር ክስ ይታያል። የጽሑፍ ውል የለኝም ብለሽ አትፍሪ። ያስቀጠረሽ ደላላ፣ ዳቦ ስትገዢ የሚያይሽ ባለሱቅ፣ የጎረቤት ሠራተኛ ምስክር ናቸው። የገባሽበትን ወርና የተስማማችሁበትን ብር ደብተር ላይ ጻፊ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ እዚያ ጠይቂ፤ ዕድሜሽ ከ18 በታች ስለሆነ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮም ያግዝሻል። መታሽ ከሆነ ወይም የነካሽ ሰው ካለ ግን ደመወዙን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።

«በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምንቀሳቀሰው። ለሥራ ፈተና ጠሩኝ፤ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆነ። ሊፍት የለም፤ ሌላ ጊዜ እንጠራሃለን ብለው መለሱኝ።» — ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

ሁለት አዋጆች ተጥሰዋል። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዝዛል። ጠረጴዛና ወረቀት ወደ ምድር ቤት ማውረድ ምን ያህል ይከብዳል? በዚህ አዋጅ ጥሩው ነገር ክስ ከመጣ የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው መሆኑ ነው፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ዛሬ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የተጠሩበትን ቀንና የተመለሱበትን ምክንያት ይግለጹ፤ ፈተናው በምድር ቤት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

«ገንደ ቆሬ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጨመረብኝ። ውል የለንም።»

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ድሬዳዋንም ይመለከታል። ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በወሰነው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጭማሪ አግባብ የለውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ አከራይዎ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ አብረዋቸው የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ሕግ ጠቅሰው ወረዳ ቢሄዱ ማታ ፊታቸውን ያዩታል። አስቀድመው የሰፈር ሽማግሌ ይዘው ያነጋግሯቸው። ኪራዩን በእጅ መስጠት ትተው በባንክ ወይም በቴሌብር ያስገቡ፤ ውል ባይኖርም ማስረጃ ይሆንዎታል። እምቢ ካሉ ወረዳውን ውሉን መዝግቡልኝ ይበሉ።

«እናቴ ከገጠር ቀበሌ ነው የምትመጣው፤ ከኦሮምኛ ሌላ አትሰማም። ቢሮ ስትሄድ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ አስተርጓሚ አድርጌ እልካታለሁ። መብቷ ምንድን ነው?» — ከድሬዳዋ

ድሬዳዋ በምትተዳደርበት የቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ እንዲመደብ በግልጽ ያስቀመጠው ለተከሰሰ ሰው በፍርድ ቤት ነው፤ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7ን ይመልከቱ። ቢሆንም ይህች ድሬዳዋ ናት። ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚናገር ሠራተኛ በሚቀጥለው ክፍል አይጠፋም። እናትዎ ቅጽ ላይ አሻራቸውን ከማኖራቸው በፊት እንዲነበብላቸው የክፍሉን ኃላፊ ይጠይቁ። ያልገባቸውን ወረቀት አይፈርሙ። ልጁም ትምህርት ቤቱ ይዋል።