አዲሶቹን ልጆቻችንን ይዘን ስንበር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ። እኔና ባለቤቴ ከሌላ አገር ሁለት ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ በጉዲፈቻ ልናመጣ ነው። ወንዱ አራት ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ገና ዓመት ከሦስት ወሯ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ አልቋል፤ የቀረን ቪዛ ብቻ ነው። ከማሳደጊያው ከተረከብናቸው በኋላ መሃል ላይ አውሮፕላን ቀይረን፣ ሌሊቱን በረን ነው ቤታችን የምንገባው። አንዲት ወዳጃችን “የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጧቸውና ተገላገሉ” ትለናለች። ዘመድ ወዳጅ ደግሞ ተሰብስቦ ኤርፖርት ሊቀበለን ተዘጋጅቷል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ልጁ ቢጮኽ፣ አልቀመጥም ቢል ምን አደርጋለሁ? ቋንቋችንን እንኳ አይሰማም። እባክዎ ይምከሩኝ።
የሁለት ልጆች አዲስ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ። ልጄንም በጉዲፈቻ ከሌላ አገር በአውሮፕላን ነው ያመጣሁት። ስለዚህ እንደ ነርስም እንደ እናትም እመልስልሻለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ለእናንተ ጉዞው ወደ ቤት መመለስ ነው። ለልጆቹ ግን ከሚያውቁት ሁሉ መለየት ነው። ያሳደገቻቸው ሞግዚት፣ የለመዱት አልጋ፣ የምግቡ ሽታ፣ የሚገባቸው ንግግር፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይቀራል። ልጅሽ ቢያለቅስ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ አዝኖ ነው። ጉዞው ተሳካ የሚባለውም ልጆቹ ዝም ስላሉ አይደለም። ሲርባቸው ያበላቸው፣ ሲረጥቡ የቀየረላቸው፣ ሲያለቅሱ ያቀፋቸው እጅ የእናንተ ከሆነ ተሳክቷል። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ለዚህ ነው።

ሽሮፑን እርሺው። ሰው ለማስተኛት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የአለርጂ መድኃኒት ነው። ያ መድኃኒት ልጅ እንዲያስተኛ የተሠራ አይደለም። አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቁነጠንጠዋል፤ እንቅልፉን ነጥቆ ያስጨንቀዋል። በጣም ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ለትንሿ እንዳታስቢው። ሌላም ነገር አለ፤ ደንዝዞ የተኛ ልጅ የሚነቃው የማያውቀው ቦታ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መሃል ነው። ነቅቶ እያየሽ ቢያለቅስ ይሻለዋል። ትልቁን ልጅ በመኪና ሲሄድ የሚያስመልሰው ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ላይ የጉዞ ማቅለሽለሽ የተለመደ ስለሆነ፣ አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።

ልጆች አውሮፕላን ላይ በጣም የሚጮኹት ብዙውን ጊዜ ሊያርፍ ሲል ነው። ምክንያቱ ጆሮ ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በልጆች ላይ ጠባብ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ አየሩ በቀላሉ ይወጣል፤ ሲወርድ ግን ቱቦው ካልተከፈተ መልሶ አይገባም፣ ጆሮውም ይወጠራል። ቱቦውን የሚከፍተው መዋጥ ነው። መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ስለሆነ፣ ጎማው መሬት እስኪነካ አትጠብቂ። ለትንሿ ጡጦዋን ያኔ ስጫት፤ ለትልቁ በስትሮ የሚጠጣ ነገር። የተኛ ሰው ብዙ ስለማይውጥ ቀስቅሻቸው። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለባቸው ሳትሳፈሩ ሐኪም ይያቸው።

የአውሮፕላኑ አየርም በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ቶሎ ቶሎ አጠጫቸው። የሚጠጡትን የወተት ዓይነት በጉዞው ሳምንት አትቀይሪ። ማሳደጊያው የሚሰጣቸውን ዱቄት ስሙን ጠይቀሽ ያንኑ ግዢ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ያዢ። ብዙ ኤርፖርት ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያሳልፉም፤ የሕፃን ወተትና ምግብ ግን ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ይፈቀዳል። ፍተሻው ጋ ስትደርሺ ራስሽ አውጥተሽ አሳዪ።

ወረቀት ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ስም ነው። የልጆቹ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀድሞ ስማቸው ነው። ትኬቱ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም፣ ፊደል በፊደል መቆረጥ አለበት። ሁለተኛው ትራንዚት ነው። ልጆቹ የሚጓዙት በተወለዱበት አገር ፓስፖርት ከሆነ፣ አውሮፕላን የምትቀይሩበት አገር እናንተን ያለ ቪዛ እያሳለፈ እነሱን የትራንዚት ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ትኬት ሳትቆርጪ በፊት ይህን አጣሪ። ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጣችሁ በፍጹም አትክፈቱት፤ ታሽጎ ነው ለኢሚግሬሽን የሚሰጠው። ሁለቱም አገሮች የ1993ቱ የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት አባል ከሆኑ፣ በአንቀጽ 23 መሠረት የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ያዙ። ጉዲፈቻው በሌሎቹ አባል አገሮች እንዲታወቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የክትባት ካርዱም፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔም፣ ሁሉም በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ይጠፋል።

መቀመጫን በተመለከተ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጭን መሄድ ይችላል። አቅም ካላችሁ ግን ለትንሿም ወንበር ግዙላት። ከፊት ግድግዳው ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ የክብደት ገደብ ስላለው በእሷ ዕድሜ ላይበቃት ይችላል። የምትወድቂበት ድካም ከምታስቢው በላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጭንሽ ላይ ይዘሻት ክንድሽ ሲዝል ትረጂኛለሽ። ትራንዚቱንም አታጣብቡት። አጭር ቆይታ ጥሩ ይመስላል፤ ሁለት ልጅና አራት ቦርሳ ይዞ መሮጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ብሆን ከሦስት ሰዓት በታች አልቆርጥም። ልጁም እግሩን ይዘርጋ፣ ይሩጥ።

አሁን ወደ ትልቁ ልጅ ልመለስ፤ ደብዳቤሽ ላይ ያስጨነቀሽ እሱ ስለሆነ። ለእሱ ሁሉም ነገር አዲስ ነው። በራሱ የሚከፈት በር፣ የሚንቀሳቀስ ደረጃ፣ የሚታሰር ቀበቶ። የእኔን ልጅ ከምንም በላይ ያስፈራው የአውሮፕላኑ ሽንት ቤት ነበር። ውሃው ሲለቀቅ የሚያሰማው ድምፅ አስደንግጦት ከዚያ በኋላ አልገባም አለ። ልጅሽ ዳይፐር ከተወ ቆይቶም ቢሆን ለዚህ ጉዞ አድርጊለት። ከውጥረት የተነሣ ለጊዜው ወደ ኋላ መመለስ በእሱ ዕድሜ ያለ ነገር ነው። ቀበቶውን ሆቴል ውስጥ በመቀነት አለማምጂው፤ “ታሰረ፣ ተፈታ” እያላችሁ ተጫወቱ።

ቋንቋውን ባትችሉም ጥቂት ቃላት አጥኑ። “ውሃ”፣ “ሽንት”፣ “አመመኝ”፣ “እዚህ ነኝ”፣ “ትንሽ ቀረ”። ሞግዚቷን አንድ ነገር ለምኗት፤ ወዴት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚሄድ በራሷ ድምፅ ስልካችሁ ላይ ትቅዳለት። ፎቶዋንም አንሡ። ልጆቹ ለብሰው የመጡትን ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ቤት እስክትገቡ አትጠቡት። ለእኛ የቆሸሸ ነው፤ ለእነሱ የሚያውቁት ሽታ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ ልጅ ፈገግ ላለለት ሁሉ እጁን ሊሰጥ ይችላል። ብዙ እጅ ስለለመደ ነው። ኤርፖርት ላይ ይህ ያሰጋል። ጠዋት እንደለበሰ ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ ያዢ፤ ስልክ ቁጥርሽን ክንዱ ላይ ጻፊ። ከእናንተ አንዳችሁ ሁልጊዜ እጁን ይያዝ። ሆስተሷ ወይም ጎረቤት ተሳፋሪ “ላግዝሽ፣ ልቀፋት” ሲሉሽ ቦርሳ አሲዣቸው እንጂ ልጅ አትስጪ። ከረሜላ እንኳ በእናንተ እጅ ይለፍ። ከመጠን በላይ ያጠበቅሽ ሊመስልሽ ይችላል፤ ግን ልጆቹ ወላጆቻችን እነማን ናቸው የሚለውን የሚማሩት በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ነው።

ልጁ ሳያቋርጥ ሊበላ፣ ዳቦ ኪሱ ውስጥ ሊደብቅ ይችላል። አትከልክይው። እንዲያውም የሚበላ ነገር ያለባት ትንሽ ቦርሳ ራሱ እንዲይዝ ስጪው። እህቱን እንደ ወላጅ ሊንከባከብ ይፈልግ ይሆናል፤ እሱንም ተዪው፣ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ምናልባትም ከሁለታችሁ አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን ይገፋል። ባለቤትሽን ከሆነ የገፋው፣ ቅር አይበለው። ወረቀቱንና ሻንጣውን እሱ ይያዝ፣ ምግብ ሲመጣ ግን የሚያጎርሰው እሱ ይሁን።

ይጮኽ ይሆናል አልሽ። አዎ፣ ሊጮኽ ይችላል። ያኔ ቀና ብሎ የሚያይሽን ሰው ሁሉ እርሺ። ዝቅ በይ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ አንድ ቃል ደጋግመሽ በዪ። ከፈቀደ እቀፊው፤ ካልፈቀደ አጠገቡ ሁኚ። የሚያልፍበት ሰዓት አለው።

የቀረው ዘመዶችሽ ናቸው። በፍቅር እንደተዘጋጁ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ግን ጩኸት፣ ካሜራና ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ለልጆቹ ይከብዳቸዋል። አንድ ሰው ብቻ፣ የልጅ ወንበር የተገጠመለት መኪና ይዞ ይምጣ። ሌሎቹ በር ላይ ምግብ አስቀምጠው ይሂዱ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በየተራ ይጋበዙ። የሰዓት ልዩነቱ ራሱ በአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌሊት የምትነቁባቸው ቀናት ይኖራሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም ለጠቅላላ ምርመራ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ዘመዶችሽን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ኤርፖርት ደርሰሽ ከምትከለክያቸው አሁን ብትነግሪያቸው ቅያሜውም ያንሳል።