ኩኪውን ሳይሆን መጀመሪያ ሲምህ በማን ስም እንደሆነ እይ

ወንድሜ፣ «ላፕቶፑ የግሌ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ግን በከፈትኩት ቁጥር ጂሜይል ፓስወርድና ኮድ ይጠይቀኛል፤ ምን ይሻለኛል?» ብለሃል። በዚሁ ጉዳይ ፍዳዬን ስላየሁ ልንገርህ።

1. ላፕቶፕህን ሰው ጠግኖልህ ያውቃል? የኔን ጉድ የሰራው ጠጋኝ ነው። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ እዚያ አካባቢ ፎርማት አስደርጌው ነበር። ልጁ «እንዲፈጥንልህ» ብሎ፣ ክሮም በተዘጋ ቁጥር ኩኪው ሁሉ እንዲጠፋ አድርጎት ኖሯል። መግባትህን የሚያስታውሰው ኩኪው ነው፣ እሱ ከጠፋ ሁሌ እንግዳ ነህ። ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ» ግባ፤ ታች «አዲሽናል ኮንቴንት ሴቲንግስ» የሚለውን ስትከፍት «ኦን ዲቫይስ ሳይት ዳታ» የሚል አለ። መስኮቶቹ ሲዘጉ አጥፋ የሚለው ተመርጦ ከሆነ ቀይረው። ማጽጃ ፕሮግራም ከጫንክም እሱንም ጠርጥር።

2. ቀኑን እይ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄድና ጂሜይል ጭራሽ አልከፍትም ይላል። ብዙ ጊዜ ሳንቲም የምታክለው ሲአር 2032 ናት።

3. ኮዱ የሚላክበት ስልክ። የኔ መዘዝ ከዚህ ነው የመጣው። ቁጥሬ የድሮ መስሪያ ቤቴ የሰጠኝ ሲም ነበር። ስለቅ አልመለስኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። አንድ ሐሙስ ሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ስልኬን ወሰዱት። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት ያው እንደልማዱ ኮድ ጠየቀኝ። ፓስወርዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ኮዱ ግን የሚመጣው ሌባው ኪስ ውስጥ ነው!

ሲም ላስወጣ ስሄድ «በድርጅት ስም ነው፣ ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። እውነት ለመናገር ልክ ናቸው። ያናደደኝ የድሮው ቢሮ ነው፣ ለገሃር። ጸሐፊዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ ምሳ አብረን የበላን ልጅ ናት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጉዳይዎ ምን ነበር?» አለችኝ። እርስዎ! ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማህተሙ ተቆልፎበታል»፣ «ሰኞ ይመለሱ»። ከአራት ኪሎ እየተመላለስኩ የታክሲውን ወረፋ ተወውና ጫማዬ አለቀ። በስድስተኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ። ደስ ብሎኝ ሳላነበው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየችውና ወረቀቱን ወደኔ አዞረችው፤ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ 7 መሆን ሲገባው 1 ተብሎ ተጽፏል። እንደገና ለገሃር።

በዘጠነኛው ቀን ገባሁ። ኢንቦክሱ ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁበት መልእክት ተቀምጧል። ቀኑ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል።

እና ወንድሜ፣ የአንተም ቁጥር በመስሪያ ቤት ወይም በዘመድ ስም ሊሆን ይችላል። ዛሬ በገባህበት ሰዓት፣ ክሮምን ሳትዘጋ፣ በራስህ ስም ወዳለ ቁጥር ቀይረው። ከዚያ ባካፕ ኮዶቹን፣ ማለትም ስልክህ በእጅህ ባይኖር በሚላከው ኮድ ፋንታ የሚያስገቡህን፣ ከጉግል አካውንትህ አውጣ። ጉግል 10 ይሰጥሃል፣ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ፣ አንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ይዘህ እንዳትሄድ። እኔ በእጄ ሁለት ቦታ ገለበጥኳቸው። አንዱን ለእናቴ ሰጠኋት፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ቆልፋበታለች።

4. ገብተህ የምትቆይ ከሆነ ላፕቶፑ ራሱ ፓስወርድ ይኑረው። ይህንን እንኳ ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሲሙ የድርጅት ሆኖ ካገኘኸው፣ ደብዳቤውን ከቢሮው ሳትወጣ ቁጥር በቁጥር አንብበው።