ቀጣሪዎች ዲግሪ አያጣሩም ወይ? ላሉት

በሌለው ዲግሪ የተቀጠረ ሰው እንዴት ለዓመታት ሳይታወቅበት ይቆያል፣ ቀጣሪውስ አያጣራም ወይ ብለው ለጠየቁት፦ ብዙ ጊዜ አያጣራም። ሠራተኛ አስተዳደሩ ቅጂውን ከዋናው ዲፕሎማ ጋር ያስተያይና «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ይህ ሁለቱ ወረቀቶች መመሳሰላቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ዋናው ራሱ ሐሰተኛ ከሆነ ማኅተሙ ውሸቱን ሕጋዊ አስመሰለው ማለት ነው።

ትልልቆቹም አልዳኑም። የታዋቂው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኤም አይ ቲ የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ የነበሩት ማሪሊ ጆንስ ያላገኙትን ዲግሪ አግኝቻለሁ ማለታቸው ታውቆ ሥራ የለቀቁት እ.ኤ.አ. በ2007፣ 28 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ዕድገት በተሰጣቸው ቁጥር ማኅደራቸውን መለስ ብሎ ያጣራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የኢንተርኔት ኩባንያው የያሁ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩትን ስኮት ቶምፕሰንን የሌላቸው የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ከሥራ ያስወጣቸው ቦርዱ አጣርቶ ሳይሆን የያሁ አክሲዮን የነበረው አንድ ድርጅት ደርሶበት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በሐቅ ተምሮ፣ ወንበሩ በሐሰተኛ ዲግሪ ስለተያዘበት ከበር የተመለሰው ሰው ነው። ማንም አይቆጥረውም።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መጻፍ ይበቃል። አድራሻውን ግን ከቀረበው ወረቀት ላይ አይውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋለጠው ሐሰተኛ ዲግሪ ሻጩ የፓኪስታን ኩባንያ አክዛክት፣ ሐሰተኛ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ሳይሆኑ ለእነርሱ እውቅና የሚሰጡ ሐሰተኛ ተቋማትም ነበሩት። ደብዳቤውንም በአመልካቹ እጅ አይላኩት።